ሁለት ቀንድ ያለው ባለ አንድ ቀንድ

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 33 ቍጥር 17 ሙሴ ዮሴፍን ሲባርክ ቀንዶቹን በአንድ ብርቱ አውሬ ቀንዶች ይመስላቸዋል። በዕብራይስጡ አውሬው አንድ ነው፤ ስሙም ‹ርኤም› ነው፤ ቀንዶቹ ግን ከአንድ ይበልጣሉ። በንጉሥ ጄምስ ትእዛዝ ተተርጕሞ በ1611 ዓመት (በፈረንጆች አቈጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ ነው) የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን አውሬ ‹ዩኒኮርን›፥ ማለት ባለ አንድ ቀንድ ይለዋል። ባለ አንድ ቀንድ የሆነ አውሬ ብዙ ቀንዶች ሊኖሩት አይችልምና ተርጓሚዎቹ ነጠላውን ብዙ አድርገው ‹የዩኒኮርኖች ቀንዶች› ብለው ጻፉ። ደግ ሊቃውንት ስለ ነበሩ ግን በዕብራይስጡ ነጠላ መሆኑን በኅዳጉ አመለከቱ።

ስሕተቱን የጀመሩት እነርሱ አይደሉም። በእስክንድርያ ብሉያትን ወደ ጽርዕ የመለሱት ሰዎች አስቀድመው ‹ሞኖኬሮስ› ብለውት ነበር፤ ሄሮኒሞስም በሮማይስጥ በኦሪትና በኢዮብ አውራሪስ፥ በመዝሙርና በኢሳይያስ ባለ አንድ ቀንድ አለው። አባቶቻችንም ከጽርዕ ስለ ተረጐሙ ‹ዘአሐዱ ቀርኑ› አሉ። በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ አዱሊስ የመጣው ነጋዴ ኮስማስ ግን ሁለቱን ለይቶ ጽፎአል። አውራሪሱን በአገራችን በሕይወት ሳለ ከሩቅ አይቶታል፤ የአገሩ ሰዎች አርዌ ሐሪስ እንደሚሉትም ሰምቶአል። ባለ አንድ ቀንዱን ግን በዓይኑ እንዳላየ፥ ያየውም በንጉሡ ባለ አራት ግንብ ቤተ መንግሥት የቆሙትን አራት የናስ ምስሎች ብቻ እንደ ሆነ አልሸሸገም። እንደዚህ ያለ መንገደኛ በየዘመኑ አይገኝም።

እንግዲህ እንግሊዞቹ ጠቅላላውን ስም መርጠው ‹የዱር አውሬ› ቢሉ ከስሕተት በዳኑ ነበር የሚል ሰው ይኖራል። ጠቅላላ ስምም ቢሆን ባንድ ቦታ አይረጋም። ኖርማኖች በ1066 ዓመት እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት አውሬው ሁሉ ‹ዴኦር› ይባል ነበር፤ ከፈረንሳይ የመጣው ‹ቢስት› ስፍራውን ሲወስድበት ያ ቃል ጠቦ ለአጋዘን ዓይነት ብቻ ቀረ። ዛሬ ለእንስሳ ሁሉ የሚነገረው ‹አኒማል› በ1611ዱ መጽሐፍ አንድ ጊዜ እንኳ አይገኝም።

ደግሞ ኢዮብ ምዕራፍ 39ን ያነበበ ሰው ጠቅላላ ስም እንደማይበቃ ያስተውላል። እግዚአብሔር ኢዮብን፥ ርኤም በግርግምህ ያድራልን፥ ፈርህንስ ያርስልሃልን ብሎ ይጠይቀዋል። የጥያቄው ኃይል አውሬው የቤቱን በሬ እየመሰለ ቀንበርን እንቢ በማለቱ ነው። ‹አውሬ› ቢባል ጥያቄው ይደነዝዛል፤ ‹ዩኒኮርን› ቢባልም ከቶ ማን ሊጠምደው አስቦ ያውቃል?

እውነተኛው ስም የዱር በሬ ነው። ይህ በሬ ከእንግሊዝ አገር ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር፤ የመጨረሻዪቱም በ1627 ዓመት፥ መጽሐፉ ከታተመ ከ16 ዓመት በኋላ፥ በፖሎኝ አገር በያክቶሩፍ ዱር ሞተች። በ19ኛው መቶ ዓመት የአሦር ጽሕፈት ሲነበብ ነገሥታቱ ያድኑት የነበረው ‹ሪሙ› የዱር በሬ ሆኖ ተገኘ። በ1885 ዓመት የታረመው የእንግሊዝኛ ብሉይም ‹የዱር በሬ› ብሎ አቀናው።

‹ብሄሞት›ን ግን ሳይተረጕሙት ተዉት። ቃሉ በዕብራይስጥ ለእንስሳ ሁሉ ከሚነገረው ስም የወጣ ነው፤ የ1611ዱ ኅዳግ አንዳንዶች ዝሆን ነው ይላሉ ሲል፥ የ1885ቱ ኅዳግ ጕማሬ ነው አለ። በውስጡ የተጻፈው ስም ግን በሁለቱም እንዳለ ነው።