ያልተቆጠረ አይታይም

ወገኖቼ፣ ማዮ ከደቡብ ሱዳን ጎረቤቶቻችን ጋር የኖራችሁ የማኑት ቦልን ስም ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ቁመቱ 2.31 ሜትር የነበረው ይህ ዲንካ አሜሪካ ሳይገባ እዚሁ ካርቱም ቅርጫት ኳስ ተጫውቷል። የታወቀው ኳስ በማግባት ሳይሆን የተቃራኒን ኳስ አየር ላይ በመመለስ፣ ማለትም በብሎክ ነው።

የባለሙያዎቹ ሊግ ኤንቢኤ ብሎክ መቁጠር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ትልቁ የኮሌጅ ውድድር ግን በይፋ መመዝገብ የጀመረው ገና በ1985 ነበር። ከዚያ በፊት የነበረ የኮሌጅ ተከላካይ ምን ያህል እንደለፋ ዛሬ በይፋ መዝገብ አይገኝም። ቦል ከአንድ የኮሌጅ ዓመት በኋላ በዚያው በ1985 ኤንቢኤ ገባ፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 397 ብሎክ ተጻፈለት። ያስቆጠረው ነጥብ በአማካይ በጨዋታ 4 እንኳ አይሞላም። ነጥብ ብቻ ቢቆጠር ኖሮ ተራ ተጫዋች በተባለ ነበር።

ዛሬም ልዩነቱ አለ። ኤንቢኤ በዓመት 82 ጨዋታ አለው፤ ከ2013 ጀምሮ በሁሉም ሜዳዎቹ እንቅስቃሴን የሚለኩ ካሜራዎች ተተክለዋል። ኮሌጅ 30 ገደማ ጨዋታ ስላለው አንድ መልካም ምሽት ሚዛኑን ያዛባል።

እኛስ? በስደት የምንቆጠረው በመታወቂያ ቁጥር ነው። ማን ሰው አስጠለለ፣ ማን ሞተ፣ ማን በየትኛው መንገድ ጠፋ የሚለውን ማንም አይጽፍልንም። በየእድራችሁ ደብተር ክፈቱ፤ ስሙን ከነቀኑ ጻፉ።