ሽፋን

በመድን ውል ውስጥ «ሽፋን» ማለት መድን ሰጪው ሊከፍል የተስማማበት ወጪ ብቻ ነው፤ ሕመም ሁሉ አይደለም። ጅቡቲ ከተማ ለሚኖር ጡረተኛ ልዩነቱ የገንዘብ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሁለንተናዊ የጤና መድን ሕግ ሠራተኛውንና ጡረተኛውን በግዴታ መድን፣ ድሃውን በእርዳታ መርሐ ግብር ያቅፋል፤ የሚያስተዳድረውም ብሔራዊ የማኅበራዊ ዋስትና ተቋሙ ነው። የግል መድን የሚፈለገው ከዚያ ለሚተርፈው፣ በተለይ ለግል ክሊኒክና ለውጭ አገር ሕክምና ነው።

ሁለት ውሎች ሲነጻጸሩ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ዓረቦኑ ላይ ነው። ለእኔ ግን ርካሹ ውል ብዙ ጊዜ የሚጎዳው «የማይሸፈኑ» በሚለው ክፍል ነው (ፊደሉም ደቃቅ ነው!)። «ቀድሞ የነበረ ሕመም» የምትል አንዲት ሐረግ ደም ግፊትንና ስኳርን ታስወጣለች፤ ለአረጋዊ እነዚህ ከወጡ ምን ቀረ? መድኑ መክፈል እስኪጀምር ያለው የመጠበቂያ ጊዜና ታካሚው ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻም አሉ።

በ65 ዓመት የተገባው ውል በ70 ይታደሳል? አዲስ አበባ ሄደው ቢታከሙ ይከፍላል? መልሱን በጽሑፍ ሳይቀበሉ አይፈርሙ።