ከእጓለ ማውታ እስከ ተጠቃሚ፦ የሕፃናትና የቤተሰብ ርዳታ ድርጅቶች ቃላት ታሪክ በአማርኛ

የርዳታ ድርጅቶች ታሪክ ሲጻፍ ቀድመው የሚነሡት የድርቅ ዓመታት፣ የገንዘብ ምንጮችና አዋጆች ናቸው። ድርጅቶቹ የሚረዱትን ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ቤተሰብ በምን ስም እንደጠሩ የሚመረምር ጽሑፍ ግን እምብዛም አይገኝም። ሆኖም በአማርኛ ይህ ስም በየዘመኑ ተቀያይሯል፤ መቀያየሩም የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አንዳንድ ጊዜ አንዲት ቃል የልጅን ዕጣ ወስናለች፤ አንዳንድ ጊዜም የድርጅትን ፈቃድ።

ጥንታዊው ስም ከግእዝ የተወረሰው «እጓለ ማውታ» ነው። «እጓል» ልጅ ወይም ግልገል ማለት ሲሆን፣ ይኸው ቃል የሰው ልጅ በሙሉ በሚጠራበት «እጓለ እመ ሕያው» ውስጥም ይገኛል። በአንዱ ጥምር ልጁ የሕያዋን እናት ልጅ ነው፤ በሌላው የሙታን። አማርኛው «የሙት ልጅ» የግእዙ ቀጥተኛ አቻ ነው። ሁለቱም ልጁን የሚሰይሙት በሞተው ወገን እንጂ በሚያሳድገው ወገን አይደለም። በኋላ የመጣው «ወላጅ አልባ» ሞትን ከስሙ አወጣ፤ ጉድለቱን ግን አስቀረ። ከዚያም በድርጅቶች ሪፖርት የተለመዱት «ወላጆቹን በሞት ያጣ» እና «ለችግር የተጋለጠ» ስም መሆናቸው ቀርቶ ዐረፍተ ነገር ሆኑ። የርዳታ አማርኛ ስምን በተውላጠ ዐረፍተ ነገር የመተካት ልማዱን የጀመረው እዚህ ላይ ይመስላል።

ልጁን በአሳዳጊው በኩል የሚሰይሙት ቃላት ሌላ ቤተሰብ ናቸው። አማርኛ «አደገ» ከሚለው ግሥ «አሳዳጊ»፣ «ማሳደጊያ» እና «ማደጎ» የሚሉትን አውጥቷል። «ማሳደጊያ» በአስደራጊ አምድና በ«-ኢያ» ምዕላድ የተሠራ የመሣሪያና የቦታ ስም ነው፤ በቅርጹ ከ«መጥረጊያ» እና ከ«ማረፊያ» አይለይም። ስለዚህ «የሕፃናት ማሳደጊያ» የሚለው ስም አሳዳጊውን ሰው ሰውሮ ቤቱን ብቻ ያሳያል። «ማደጎ» ግን ሰው ለሰው የሚገባው ግንኙነት ነው። በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ዘንድ የታወቀው «የጡት ልጅ» እና «የጡት አባት» የሚለው አጠራርም ከዚሁ ወገን ነው፤ ምንም እንኳ ዓላማው ከድኻ ልጅ ማሳደግ ይልቅ የፖለቲካ ታማኝነትን ማሰር ቢሆን።

ሕጉ የመረጠው ግን ከእነዚህ አንዱንም አይደለም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የሚጠቀምበት ቃል «ጉዲፈቻ» ነው፤ ይህም የኦሮምኛ ቃል ነው። በኦሮምኛ «ጉዳ» ትልቅ ማለት ሲሆን «ጉዲሱ» ማሳደግ፣ «ጉዲፈቹ» ደግሞ ለራስ አድርጎ ማሳደግ ነው። ድርጊቱ ወደ አድራጊው ጥቅም መመለሱን የሚያመለክተው ምዕላድ በቃሉ ውስጥ አለ። አማርኛ ቃሉን ሲዋስ ይህን ሰዋስው አልተዋሰም፤ ስሙን ብቻ ወስዶ «በጉዲፈቻ ወሰደ»፣ «በጉዲፈቻ ሰጠ» እያለ በረዳት ግሥ ያሠራዋል። (የፊደሉ ጥብቀት አለማሳየት ደግሞ የ«ደ»ን መጥበቅ ከጽሑፍ ላይ አጥፍቶታል፤ አንባቢው ግን በቃል እንደሰማው ያነበዋል።)

ይህ ለውጥ ጥቃቅን አይደለም። «ለራሱ አሳደገ» በሚለው የኦሮምኛ ግሥ ውስጥ ዋናው ባለቤት የሚያሳድገው ሰው ነው፤ ሰጪ የሚባል ተሳታፊ በግሡ አይጠራም። በአማርኛው ግን «መስጠት» እና «መውሰድ» ሁለት ወገን ፈጠሩ፤ በሁለቱ መካከልም አገናኝ የሚሆን ሦስተኛ ወገን፣ ማለትም ድርጅት፣ የሚገባበት ቦታ ተከፈተ። በኦሮሞ ልማድ ጉዲፈቻ በሽማግሌዎችና በጎሳ ፊት የሚፈጸም፣ ልጁንም ከአብራክ ከተወለደው ጋር እኩል የሚያደርግ ነው። የ1992ቱ ሕግም ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ ደንግጓል። ልጆች ወደ ውጭ አገር በጉዲፈቻ መሄድ ሲበዛ ግን፣ በተቀባዮቹ አገሮች ብዙ ሕጎች ዘንድ የሥጋ ዝምድናው ፈጽሞ የሚቋረጥ ነበር። ወላጅ «ጉዲፈቻ» ብሎ ሲፈርም የሚረዳውና ተቀባዩ በራሱ ቋንቋ በወረቀቱ የሚያነበው አንድ አልነበረም። ልጃቸው ተምሮ ይመለሳል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ቤተሰቡንም ይረዳል ብለው የሰጡ ወላጆች ታሪክ በተደጋጋሚ የተዘገበው ከዚህ የተነሣ ነው። በትርጉሙ ስሕተት የለም፤ ቃሉ በሁለት ሕጎች መካከል ቆሞ ለሁለቱም እሺ ማለቱ ነው ጉዳቱ። የቤተሰብ ሕጉን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1070/2010 የውጭ ጉዲፈቻን አስቀርቷል። በከተሜው አንደበት ግን «ጉዲፈቻ» ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው አሁንም አውሮፕላኑ ነው።

«ርዳታ» የሚለው ቃል ራሱ ሌላ ጉዞ አለው። የግእዙ ሥር «ረድአ» በአማርኛ ሁለት ልጆች ወልዷል። «ረድኤት» ከሰማይ የሚወርድ ነው፤ «ርዳታ» ከሰው የሚሰጥ። በ1966 ዓ.ም. ከወሎ ረኃብ በኋላ የርዳታ ማስተባበሪያው ኮሚሽን ሲቋቋም ቃሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስም ሆነ፤ ወዲያውም «የርዳታ ስንዴ»፣ «የርዳታ ዱቄት» በሚሉ ጥምሮች ከዕቃ ጋር ተጣበቀ። «ረጂ» እና «ተረጂ» የሚለው ጥንድም በዚህ ዘመን ጸና። የጥንዱ ሰዋስው ግልጽ ነው፤ በ«ተ-» የተደረጊ አምድ የተሠራው ሰው ድርጊት የሚደርስበት እንጂ የሚያደርግ አይደለም። ከሥሩ ሳይወጡ ሌላ መንገድ ያገኙም አሉ። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማእከል ስሙን የወሰደው በሐዋርያት ሥራ ከተጻፈው የጳውሎስ ራእይ ነው፤ በዚያ ራእይ ርዳን ብሎ የሚጣራው የመቄዶንያው ሰው ነው። በዚህ ስም ውስጥ ተናጋሪው ተረጂው ነው። «እብድ» እና «ሽማግሌ» በሚሉት የዕለት ቃላት ፈንታ «ሕሙማን» እና «አረጋውያን» የሚሉት የግእዝ ብዙ ቁጥሮች መግባታቸውም ለተረጂው ክብር የተከፈለ ነው።

አበበች ጎበና የመሠረቱት ድርጅት የቃላቱን ለውጥ በአንድ ስም ውስጥ ያሳያል። እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1980 ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው በመንገድ ያገኟቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ልጆቹ 21 ደረሱ። ሥራው የተጀመረው በማሳደጊያነት ነው። እየሰፋ ሲሄድ ስሙ «የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር» ሆነ፤ በምሕጻርም «አጎሕልማ» ተባለ። ምሕጻሩን ሆሄ በሆሄ ለፈታው ሰው አንድ ነገር ይታየዋል፦ አበበች፣ ጎበና፣ ሕፃናት፣ ልማት፣ ማኅበር። «ክብካቤ» የለም። ለአፍ እንዲመች ሲባል የወደቀው ቃል፣ ድርጅቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሠራበት ቃል ነበር። የዘመኑ ለጋሾች የሚፈልጉት «ልማት» ግን በቦታው ጸንቷል። መሥራቿ እ.ኤ.አ. በ2021 በኮቪድ ዐርፈዋል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ቃላትን የፈቃድ ጉዳይ አደረጋቸው። «ግብረ ሰናይ» የሚለውን የግእዝ ጥምርና ከእንግሊዝኛ የመጣውን «ኤን ጂ ኦ» (በጽሕፈት «መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት»፣ በምሕጻር «መያድ»፣ ብዙው «መያዶች») ትቶ «በጎ አድራጎት» የሚለውን መረጠ። ከገቢው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ውጤቱ በሰነዶች ላይ ይነበባል፤ «መብት» ወጥቶ «ድጋፍ»፣ «ደኅንነት» እና «ክብካቤ» ገቡ። ያው ሠራተኛ ያችኑ ልጅ ትምህርት ቤት ማስገባቱን ቀጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ልጅቷ የሚገባትን እንዳገኘች ሳይሆን እንደተደገፈች ግን ይጽፋል። «የአስተዳደር ወጪ» የሚለው ሐረግም እንዲሁ አከራካሪ ሆነ፤ ሕጉ ከመቶ 30 እንዳይበልጥ ሲያዝ፣ ቤት ለቤት የሚዞር ባለሙያ ጉዞ አስተዳደር ነው ወይስ ዓላማ ማስፈጸሚያ የሚለው ጥያቄ የቃል ፍች ሳይሆን የህልውና ጥያቄ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ክልከላውን አንሥቶ ድርጅቶቹን «የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች» ብሎ ሰየማቸው። «መብት» በሕግ ተመልሷል፤ በዐሥር ዓመት የተለመደው የሪፖርት አማርኛ ግን በአንድ አዋጅ አይቀየርም።

በእነዚህ ዓመታት «ተረጂ» ቀስ በቀስ ለ«ተጠቃሚ» ቦታ ለቋል። ሁለቱም በ«ተ-» ይጀምራሉ፤ ነገር ግን «ተጠቀመ» ቅርጹ የተደረጊ ይሁን እንጂ ባለቤቱ አድራጊ ነው፤ ተሳቢም ይወስዳል። ስለዚህ ለውጡ ተረጂውን በሰዋስው ከፍ አድርጎታል ማለት ይቻላል። ከመንገድ የመጣው «የጎዳና ተዳዳሪ» ከዚህም ያልፋል፤ «ተዳደረ» ራስን ማኖር ነውና፣ «ዱርዬ» ይባል የነበረው ልጅ በዚህ ስም ሠርቶ አዳሪ ሆኗል። ከሁሉም የሚቀድመው ግን ድርጅት ያልፈጠረው «የኔ ቢጤ» ነው፤ ለማኙን የሚጠራው ሰው ራሱን ከለማኙ ጋር ያቆማል።

እድር ለዚህ ሁሉ ጥንድ ስም የለውም። ከፋዩም፣ ድንኳን የሚተከልለትም «እድርተኛ» ነው፤ ዛሬ ሰጥቶ ነገ የሚቀበለው አንዱ ሰው ስለሆነ ቋንቋው መለየት አላስፈለገውም። ኤች አይ ቪ በከተሞች ሞትን ባበዛ ጊዜ ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው የታመመ አባልን ማስታመምና የቀሩ ልጆችን መርዳት ያዙ፤ ድርጅቶችም በእነርሱ በኩል መሥራት ጀመሩ። ገንዘቡ ሲመጣ ቅጽ መጣ። የእድሩ ጸሐፊ፣ በመዝገቡ ላይ በአባልነት ተራ ቁጥር የጻፋትን የሟች ሚስት፣ በድርጅቱ ቅጽ ላይ «ተጠቃሚ» በሚለው ዐምድ ሥር መጻፍ ነበረበት፤ በመዝገቡ ግን የወር መዋጮዋ በስሟ አንጻር እንደተመዘገበ ነው።