የዱር እንጉዳይ መመረዝ፦ ከመልቀምዎ በፊትና ከበሉ በኋላ

ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰው በዲላ ዙሪያ፣ በወናጎ፣ በይርጋጨፌና በቡሌ በእንሰትና በቡና ጥላ ሥር እንጉዳይ ይበቅላል። ጣፋጭ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ከልጅነትዎ ጀምሮ የሚያውቁትን ተዉ ለማለት አልጻፍኩም። ነገር ግን ከሚበሉት ጋር የሚመሳሰሉ፣ ጉበትን የሚያበላሹ ዝርያዎች በዓለም ዙሪያ አሉ። «የጅብ ጥላ» የሚለው ስም ደግሞ ለብዙ ዓይነት በጅምላ ስለሚሰጥ መርዛማውን አይለይልዎትም።

ምልክቱ መቼ ጀመረ?

ሐኪም መጀመሪያ የሚፈልገው መልስ ይህ ነው። ከበሉ በኋላ በግማሽ ሰዓትና በሦስት ሰዓት መካከል የሚጀምር ትውከት፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ሆድን ብቻ የሚያውክ ዓይነት ነው።

የሚያስፈራው የዘገየው ነው። ማታ 1 ሰዓት እራት ላይ በልተው፣ ሕመሙ የጀመረዎ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ወይም በማግስቱ ከሆነ (ማለትም ከ6 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ) ጉበትን የሚያጠቃው መርዝ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ ከባድ ትውከትና ውኃ የመሰለ ተቅማጥ ይመጣል። ከዚያ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በሽተኛው ይሻለዋል። ቤተሰብ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ወደ ቤት መመለስ የሚፈልገው በዚህ ጊዜ ነው፤ ጉበቱ ግን እየተጎዳ ነው። ቀጥሎ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይቀንሳል፣ ደም መፍሰስና ግራ መጋባት ሊከተል ይችላል። ስለዚህ የደም ምርመራው ሳያልቅ «ተሽሎኛል» ብለው ከሆስፒታል አይውጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። በዝናብ ወቅት ተቅማጥ ይዞ የመጣ ሰው በአተት ወይም በጃርዲያ ሊጠረጠር ይችላል። ባለሙያው ስለ እንጉዳይ ላይጠይቅዎት ይችላልና ሳይጠየቁ ይናገሩ።

የማያስተማምኑ መለያዎች

ነጭ ሽንኩርት ወይም የብር ማንኪያ አብሮ ሲቀቀል ካልጠቆረ ደህና ነው የሚባለው ልክ አይደለም። ትል ወይም እንስሳ የበላው ሁሉ ለሰው አይስማማም። ጣዕሙም አያስጠነቅቅዎትም። ገዳዩ መርዝ በመቀቀል፣ በመጥበስም ሆነ በማድረቅ አይጠፋም።

የቦታ ለውጥም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ በአውስትራሊያ ካንቤራ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ተሰናድቶ በቀረበ የዱር እንጉዳይ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ወደዚያ አገር የሄዱ ሰዎች መርዛማውን በአገራቸው ከሚያውቁት የሚበላ ዓይነት ጋር ሲያምታቱ ይታያል። ከቀዬዎ ርቀው ወደ ሌላ ወረዳ ከሄዱ የቀድሞ እውቀትዎን ብቻ አይመኑ። በተለይ በፓይን ተክል ሥር የበቀለውን ይተዉት፤ ከውጭ የመጡ ዛፎች በሥራቸው የውጭ እንጉዳይ ይዘው መግባታቸው በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ታይቷል።

ሲለቅሙ

በአካባቢው ለዓመታት የለቀመ ሰው አብሮዎት ይሁን፤ ካመነታ ይጣሉት። የተለያየ ዓይነት በአንድ ቅርጫት አይቀላቅሉ። ገና ያልተከፈተ እምቡጥ ለመለየት ያስቸግራልና አይልቀሙ። ከመኪና መንገድ ዳርና ፀረ ተባይ ከተረጨበት ማሳ አይውሰዱ። አብስለው ይብሉ፣ ከእያንዳንዱም ዓይነት አንድ ሁለት ሳይበስል ያስቀምጡ። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር የዱር እንጉዳይ ባይሰጥ እመርጣለሁ።

ከታመሙ

እስኪብስ አይጠብቁ። ከአንድ ድስት የበሉ ሁሉ፣ ምንም ያልተሰማቸውም ጭምር፣ አብረው ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርብዎ ሆስፒታል ይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። የተረፈውን ምግብና ያልበሰለውን እንጉዳይ በወረቀት ጠቅልለው ይያዙ፤ በፌስታል ቶሎ ይበሰብሳል። የበሉበትን ሰዓት ይጻፉ።

በግድ አያስታውኩ። ወተትና ዘይት መርዙን አያረክሱም። በሆስፒታል የሚሰጠው ከሰል ለሕክምና የተዘጋጀ ነው፤ የማገዶ ከሰል ፈጭተው አይስጡ። መዋጥ የሚችል ሰው በመንገድ ላይ ኦአርኤስ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። መርዙን በቀጥታ የሚያጠፋ አስተማማኝ ማርከሻ ስለሌለ ሕክምናው ፈሳሽ መተካትና ጉበትንና ኩላሊትን ለቀናት መከታተል ነው። ሐኪሙ ወደ ሐዋሳ ሪፈር ካለዎት በዚያው ቀን ይሂዱ።