ከፍቺ በኋላ የተጣሰ ትእዛዝ፦ ከቁራኛ እስከ ጅዳ

ሰማንያ ሲቀደድ ነገሩ ያለቀ የሚመስለን ብዙ ነን። ትልቁ ጣጣ ግን የሚመጣው ዳኛው «ቀለብ ክፈል፣ ልጁ እናቱ ጋ ይደግ፣ አባቱም በቀጠሮው ይየው» ብሎ ከወሰነ በኋላ ነው። ያ ትእዛዝ ባይከበርስ? እኔ አሥረኛ ክፍል ድረስ የተማርኩ የቤት ሠራተኛ ነኝ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን እዚህ ጅዳ የተፋቱ ሰዎች ቤት ሠርቻለሁ፤ ከአገር ቤት የሚደወልልኝም ብዙ ጊዜ ስለዚሁ ነው። ታሪኩን ከሥሩ ላንሳው።

በድሮ ጊዜ ባገራችን ተሟጋቾች፣ ባለዕዳና ገንዘብ ጠያቂም ጭምር፣ በነጠላ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው ይሄዱ ነበር። ቁራኛ ይባላል። «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰውም ካለበት ንቅንቅ ማለት ነውር ነበር። የባልና የሚስትን ጠብ ደግሞ ሽማግሌ ነው የሚያየው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ፍቺን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጠ። የሽማግሌ ጉልበቱ ግን መንደር ውስጥ ነው። እንቢ ያለ ሰው በለቅሶውም በሠርጉም ፊት ይነሣዋል፤ ያንን ፈርቶ ይታዘዛል። አገር ለቆ ከሄደስ ማን ፊት ይነሣዋል?

ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ። አማራ ክልልም የራሱን ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አወጣ። ዳኛው ፍቺውን ሲወስን ልጆቹ ማን ጋ እንደሚኖሩ፣ ቀለባቸውን፣ ትምህርታቸውንና ጤናቸውን፣ ሌላው ወላጅ እንዴት እንደሚጎበኛቸው አብሮ ይወስናል። በ1997ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የከለከለ ሰው በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል።

ሳዑዲም የራሷን መንገድ ሄዳለች። ለረጅም ጊዜ ዳኞች የሚፈርዱት ከሸሪዓ መጻሕፍት ነበር፤ አንድ ላይ ተጠርዞ የተጻፈ የቤተሰብ ሕግ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የፍርድ ቤቶች ሕግ የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ የሚያይ መህከማ እንዲቋቋም አዘዘ። በ2012 የአፈጻጸም ሕግ መጣ፤ እኛ «ተንፊዝ» ስንል የምንሰማው እሱ ነው። ማስታወቂያ ደርሶት በአምስት ቀን ውስጥ ያልከፈለ ሰው ከአገር እንዳይወጣ ሊታገድ፣ የባንክ ሒሳቡም ሊያዝ ይችላል። ልጅን የማሳደግ ወይም የመጎብኘት ፍርድን አልፈጽምም ያለ ሰው፣ አባትም ይሁን እናት፣ በአንቀጽ 92 እስከ ሦስት ወር ይታሰራል። በ2017 ለተፈቱ ሴቶችና ለልጆቻቸው የቀለብ ፈንድ ተቋቋመ። በ2022 ደግሞ የተጻፈው የቤተሰብ ሕግ ወጣ፤ ልጅ 15 ዓመት ሲሞላው ከማን ጋ እንደሚኖር እንዲመርጥ ፈቀደለት።

በፊት ልጅ ርክክቡ ፖሊስ ጣቢያ ነበር። በኋላ የፍትሕ ሚኒስቴር ለዚህ የተለዩ ማዕከሎች አዘጋጀ። ሕፃን ልጅ አባቱን ለማየት ሹርጣ ቤት ሲገባ ምን እንደሚያስብ፣ ልጅ ለምናሳድግ ለእኛ አይጠፋንም።

የትእዛዝ መጣስ ዳፋው ለእኛም ይተርፋል። መካ አዚዚያ የምትሠራ ጓደኛዬ አሠሪዋ ለፈታት ሚስቱ ቀለብ አልከፍልም ብሎ ጉዳዩ ተንፊዝ ገባ። የመንግሥት አገልግሎት ሲዘጋበት የሷም ኢቃማ ሳይታደስ ቀረ። አራት ወር ሙሉ ከበር መውጣት ፈራች፤ በባንክ ለእናቷ ብር መላክም አቃታት። በፍቺው ውስጥ የለችበትም እኮ!

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። አገር ቤት የተፈረደበት ሰው እዚህ ሲመጣ ትእዛዙ አብሮት ባሕር አይሻገርም። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪያድ ላይ የአረብ ሊግ አገሮች አንዱ የሌላውን ፍርድ እንዲፈጽም ተስማምተዋል፤ ኢትዮጵያ ግን የሊጉ አባል አይደለችም። በሳዑዲም በእኛም ሕግ የውጭ ፍርድ የሚፈጸመው ያኛውም አገር በተራው የሚፈጽም ከሆነ ነው። ለዚህ ነው አንዳንዱ «ጅዳ ገብቻለሁ፣ ማን ይነካኛል» የሚለው።

ይህ ሰው አንድ ነገር ረስቷል። ላቡን አፍስሶ የሠራው ቤት፣ በስሙ ያለው የባንክ ብር አገር ቤት ነው። የተፈረደላት ሴት እሱን እዚህ ድረስ ማሳደድ አይጠበቅባትም፤ ፍርዱን ይዛ እዚያው በአፈጻጸም ንብረቱን ማስያዝ ትችላለች። ያልተከፈለ ቀለብ ዕዳ ነው። ልጁ ግን የትምህርት ቤት ክፍያው ዕዳው እስኪሰበሰብ አይጠብቅለትም።

እዚህ ሆናችሁ አገር ቤት ክስ ያለባችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ መጥሪያ ሲደርሳችሁ ዝም አትበሉ። ጅዳ ባለው ቆንስላችን ውክልና አረጋግጣችሁ ለምታምኑት ሰው ላኩ። ገቢያችሁ ቀንሶ ቀለቡ ከከበዳችሁ ይሻሻልልኝ ብላችሁ ዳኛውን ጠይቁ፤ መክፈል ከማቆማችሁ በፊት ግን ይሁን። የላካችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ። ልጅ ለማየት የተፈቀደለትን ሰውም፣ የቱንም ያህል ብትቀየሙት፣ በስልክም ቢሆን ልጁን አገናኙት።