ከአምስቱ በስተጀርባ፦ ምልመላና የስብስብ ጥልቀት በአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ

በአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ምልመላ አሰልጣኙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በየሜዳው ተከታትሎ፣ ወላጆቻቸውን አሳምኖ፣ በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚያመጣበት ሥራ ነው። ሜዳ ላይ የሚሰለፉት አምስት ብቻ ስለሆኑ አንድ ጎበዝ ልጅ ብቻውን የቡድን ዕጣ ሊለውጥ ይችላል። ደጋፊዎች ገና ያልመጣን ተጫዋች ስም እየጠሩ ክረምቱን የሚከራከሩትም ለዚህ ነው። ስድስተኛውና አሥረኛው ሰው ማን ይሁን የሚለው ጉዳይ፣ ማለትም የስብስብ ጥልቀት፣ ግን ለአሰልጣኙ ብቻ የተተወ ሆኖ አያውቅም። ስንት ሰው፣ ለምን ያህል ጊዜ ማቆየት እንደሚቻል የሚወስነው ደንብ በተለወጠ ቁጥር ተጠባባቂ ወንበሩም አብሮ ተለውጧል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጄምስ ኔይስሚዝ በ1891 ስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ጨዋታውን ከፈጠረ በኋላ ኮሌጆች ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ያጫወቱት የአካባቢያቸውን ልጆች ነበር። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር፣ የኤንሲኤኤ፣ ብሔራዊ ውድድር በ1939 ሲጀመር የደቡብ ግዛቶች ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር ተጫዋች አይቀበሉም ነበር። በዚህ መድልዎ የተገፉ ልጆችን ከሩቅ ድረስ እየፈለገ ከሰበሰቡት አሰልጣኞች አንዱ ዶን ሃስኪንስ ነው። በ1961 ኤል ፓሶ ወደሚገኘው ቴክሳስ ዌስተርን ሄዶ ከኒውዮርኩ ብሮንክስ፣ ከዲትሮይት፣ ከጌሪና ከሂውስተን ወጣቶችን አመጣ። በ1966ቱ የፍጻሜ ጨዋታ አምስት ጥቁር ተጫዋቾችን በቋሚነት አሰልፎ የአዶልፍ ራፕን ኬንታኪ 72 ለ65 አሸነፈ። የኬንታኪ ተጫዋቾች ሁሉም ነጮች ነበሩ። ሃስኪንስ ያን ምሽት የተጠቀመው በሰባት ሰው ብቻ ሲሆን ሰባቱም ጥቁሮች ነበሩ። በ2006 የወጣው «ግሎሪ ሮድ» የተሰኘው ፊልም ድሉን አሰልጣኙ በመጣበት በመጀመሪያው ዓመት የተገኘ አስመስሎ ያሳያል። እውነቱ ግን ያ ስብስብ የተገነባው በአምስት ዓመት ልፋት መሆኑ ነው፤ ፊልሙ የሸፈነውም ዋናውን ነገር፣ የምልመላን ትዕግሥት ነው።

የስብስብ ጥልቀት እስከ ዛሬ የሚለካው በአሰልጣኝ ጆን ዉደኑ የሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ ነው። ቡድኑ ከ1964 እስከ 1975 ባሉት 12 ዓመታት 10 ዋንጫ ወስዷል። በዘመኑ ደንብ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ለዋናው ቡድን መጫወት አይችልም ነበር። በኅዳር 1965 የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቹ ከዋናው ቡድን ጋር በአዲሱ የፖሊ ፓቪሊዮን አዳራሽ ሲገጥሙ ዋናው ቡድን ሁለት ተከታታይ ዋንጫ የያዘ ነበር። ሆኖም ከኒውዮርክ የመጣው ሉ አልሲንዶር፣ በኋላ ካሪም አብዱል ጀባር የተባለው፣ 31 ነጥብ አስቆጥሮ ልጆቹ 75 ለ60 አሸነፉ። የአገሪቱ ምርጥ ቡድን በገዛ ግቢው ከእሱ የሚሻል ቡድን ነበረው ማለት ነው፤ የወቅቱ ደንብ ግን ያን ቡድን አንድ ዓመት ሙሉ ከውድድሩ ውጭ አቆይቶታል። እገዳው የተነሳው በ1972 ነው።

በዚሁ ቡድን ከመሐል ተጫዋቹ ቢል ዋልተን ጀርባ ስዌን ኔተር የሚባል ቁመተ ረጅም ልጅ ነበር። ዉደን ሲመለምለው ጨዋታ ላይ ብዙ እንደማይገባ፣ ነገር ግን በየቀኑ ልምምድ ከአገሪቱ ምርጥ መሐል ተጫዋች ጋር እንደሚፋለም በግልጽ ነገረው። ኔተር ይህን ተቀብሎ መጣ፤ በዩሲኤልኤ ቆይታው አንድም ጨዋታ በቋሚነት ሳይጀምር በ1973ቱ የኤንቢኤ፣ ማለትም የባለሙያዎቹ ሊግ፣ የተጫዋቾች ምርጫ በመጀመሪያው ዙር ተወሰደ። ከምልመላ ታሪክ ሁሉ በሐቀኝነቱ የሚደነቅ ስምምነት ቢኖር ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ተጫዋች ማከማቸት ለዘለቄታው አልተቻለም። ኤንሲኤኤ በ1970ዎቹ ለወንዶች ቡድን የሚሰጠውን ነፃ የትምህርት ዕድል በ15 ሰው ወሰነ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ 13 አወረደው። በትልልቆቹ ቦታ ያጡ ልጆች ወደ ሌሎች ኮሌጆች ተበተኑ። በ1985ቱ ፍጻሜ ቪላኖቫ ጆርጅታውንን 66 ለ64 ሲረታ ተጠባባቂው ሃሮልድ ጄንሰን የሞከራቸውን አምስቱንም ኳሶች አስቆጥሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ሁነኛ ተቀያሪ ከብዙ ስመ ጥር ተቀማጭ ሊበልጥ እንደሚችል የሚጠራጠር አሰልጣኝ መኖር አልነበረበትም።

የወንበር ቁጥር ሲቀንስ ፉክክሩ ከረረ። የበጋ ማሰልጠኛ ካምፖችና የጫማ ኩባንያዎች ገና በሁለተኛ ደረጃ ያሉትን ልጆች መክበብ ጀመሩ፤ ሚሺጋን በ1991 በአንድ ጊዜ ያስፈረማቸው አምስት ልጆችም ሁለት ዓመት በተከታታይ ለፍጻሜ ደረሱ። ኋላ ላይ አንድ ደጋፊ ለተጫዋቾች በሰጠው ገንዘብ ምክንያት የሁለቱም ዓመታት የመጨረሻ አራት (የግማሽ ፍጻሜና የፍጻሜ) ውጤት ከመዝገብ ተሰረዘ። ሲኒማው የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። በ1994 የወጣው «ብሉ ቺፕስ» ኒክ ኖልቲን ለምልመላ ሲባል ሕሊናውን የሚሸጥ አሰልጣኝ አድርጎ አቀረበ። ተጫዋቾቹ ሻኪል ኦኒልና ፔኒ ሃርዳዌይ በፊልሙ ቀረጻ ወቅት አብረው ሲጫወቱ ከተግባቡ በኋላ ሻክ የኤንቢኤ ቡድኑ ኦርላንዶ፣ ሃርዳዌይን እንዲያመጣ ወተወተ፤ ቡድኑም በ1993 ከሚሺጋኖቹ አምስት አንዱ የሆነውን ክሪስ ዌበርን መርጦ በሃርዳዌይ ለወጠው። በዚያው 1994 የወጣው ዘጋቢ ፊልም «ሁፕ ድሪምስ» ግን ይበልጣል። ሁለት የቺካጎ ልጆችን ዓመታት ሙሉ ተከትሎ፣ መልማይ ያየው ልጅ ጉልበቱ ሲጎዳ ወይም ቤተሰቡ ክፍያ ሲያጣ ምን እንደሚሆን አሳይቷል።

በ2005 ኤንቢኤ ዝቅተኛውን የመግቢያ ዕድሜ 19 ሲያደርግ ኮሌጅ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚቆዩ ልጆች ማረፊያ ሆነ። የ2014-15ቱ ኬንታኪ ይህን እስከ ጫፍ ወሰደው፤ አሰልጣኝ ጆን ካሊፓሪ ሁለት ሙሉ አምስቶችን እያፈራረቀ ማጫወት ጀመረ። በታኅሣሥ አሌክስ ፖይትረስ ሲጎዳ ፈረቃው ላላ፤ ቡድኑ ግን 38 ጨዋታ አሸንፎ በግማሽ ፍጻሜው በዊስኮንሲን 71 ለ64 ተሸነፈ። ያን ዓመት አንድም ጨዋታ በቋሚነት ያልጀመረው ዴቪን ቡከር በኤንቢኤ ምርጫ 13ኛ ሆኖ ተወሰደ። ኔተር ያገኘውን ዕድል ቡከር በአንድ ዓመት አገኘው።

በጥቅምት 2018 ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች ስማቸውን የሚያስመዘግቡበት የዝውውር መዝገብ ተከፈተ፤ በ2021 ደግሞ ተጫዋቾች አንድ ዓመት ሳይቀመጡ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲዛወሩ፣ ከስማቸውና ከምስላቸውም ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ከዚህ በኋላ ዕድል ያላገኘ ተጠባባቂ የሚታገሥበት ምክንያት ሳሳ፤ አሰልጣኞችም በየጸደዩ ግማሽ ቡድናቸውን እንደገና መመልመል ጀመሩ። በሰኔ 2025 የጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት የ13ቱን ገደብ አንስቶ በ15 ተጫዋች የስብስብ ጣሪያ ተካው፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሁሉም ስፖርቶቹ አትሌቶች በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ እንዲከፍልም ፈቀደ።