ወደ ሰማይ የሚወስደው ደጅ ጥናት

ከቶተንሃም ተነስቶ የሊ ወንዝን ተከትሎ ቁልቁል የሚራመድ ሰው ብዙም ሳይቆይ የዎልታምስቶው ረግረጋማ መስክ ላይ ይደርሳል። ኤ. ቪ. ሮ የተባለው ወጣት እንግሊዛዊ በሐምሌ 1909 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሦስት ክንፍ የተደራረበላት አውሮፕላኑን ያስነሳው እዚያ፣ በባቡር ሐዲዱ ድልድይ አጠገብ ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በዚያው በሰሜን ለንደን፣ ሄንደን በሚባለው ሜዳ፣ የብሌሪዮ፣ የግራሃም ዋይትና የቢቲ የበረራ ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን ሆነው ተማሪ ይሻሙ ጀመር። እዚያ ዳኛው ከፋዩ ተማሪ ነበር፤ አንዱ ያልተመቸው ገንዘቡን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል።

ከሄንደን ብዙም በማይርቀው ስታግ ሌን ደግሞ የዴ ሃቪላንድ ፋብሪካ ጂፕሲ ሞት የምትባል ትንሽ ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። የዚህ ዓይነት አንዷ አዲስ አበባ ደርሳ በ1930 ባሕር ዛፍ ላይ ተሰባበረች። አዲስ አበባ ላይ ግን ከፋይ ተማሪ የለም፤ ከፋዩ ቤተ መንግሥቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የአስተማሪዎቹ ሽኩቻ መልኩ ሌላ ሆነ፤ ደጅ ጥናት ሆነ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በነሐሴ 1929 ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 አውሮፕላን ይዞ አዲስ አበባ አረፈ። ሳምንታት ሳይቆይ የጀርመኖቹ ዩንከርስ ተከተለ። ንጉሥ ተፈሪ ሁለቱንም ተቀበሉ። ይህ የዋህነት አልነበረም፤ ከአንድ መንግሥት ብቻ የሚገዛ የዚያ መንግሥት እጅ ሥር እንደሚወድቅ ያውቁ ነበር። ነገር ግን ባዕዳንን እርስ በርስ እያመዛዘኑ መያዝ ዋጋ አለው። እያንዳንዱ ፈረንጅ የሌላውን ጉድለት ለጌታው ማሳሰብ እንደ ሥራው ይቆጥረዋል። በማዬ እጅ የተጀመረው ሥልጠና ሚሽካ ባቢቼፍንና አስፋው አሊን በ1930 ለአብራሪነት አበቃ።

በዚያው ዓመት ሁበርት ጁሊያን መጣ። ትሪኒዳድ ተወልዶ ሃርለም ላይ በፓራሹት ዝላይ ስም ያወጣ፣ ራሱን «ጥቁሩ ንስር» የሚያስብል ሰው ነው። በንጉሡ ፊት ከአውሮፕላን ዘለለ፤ የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጠው። ፈረንሳዮቹ አብራሪዎች አልወደዱትም፤ እሱም አልወደዳቸውም። ከዘውዱ በዓል ቀደም ብሎ፣ ለሰልፉ ልምምድ ሲደረግ፣ ጃንሆይ የሚወዷትን ጂፕሲ ሞት አስነስቶ ባሕር ዛፍ ላይ ጣላት። ከአገርም ተባረረ። እሱ በበኩሉ ተንኮል ተሠርቶብኛል፣ ሞተሩን ነካክተውታል አለ። ማስረጃው የራሱ ቃል ነው፤ ግን ክሱን ሰው ለማመን የተዘጋጀበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዚያች ትንሽ ሜዳ ላይ የአንዱ ውድቀት የሌላው እንጀራ ነበር።

ጆን ሮቢንሰን ከዚህ የተለየ ሰው ነው። ያደገው ሚሲሲፒ ውስጥ ጋልፍፖርት ሲሆን መካኒክነት የተማረው ቱስኪጊ ነው። ቺካጎ ያለው የከርቲስ ራይት ትምህርት ቤት በቆዳው ቀለም ምክንያት አልቀበልም ሲለው፣ እዚያው በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥሮ እየጠረገ ትምህርቱን ያዳምጥ ነበር። በኋላ ገብቶ ተመረቀ፤ ከጓደኛው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋርም ጥቁር አብራሪዎችን ማሠልጠን ጀመረ። በሩ ስለተዘጋበት ሌላ በር የከፈተ አስተማሪ ነው ማለት ነው። በመላኩ በያንና በጥቁሮች የዜና ወኪል ኃላፊ በክሎድ ባርኔት በኩል ተገናኝቶ በግንቦት 1935 አዲስ አበባ ገባ።

ጁሊያንም ተመልሶ እዚያው ነበር። በነሐሴ ወር ሁለቱ ሆቴል ውስጥ በቡጢ ተያያዙ። የጠቡ መነሻ በአሜሪካ ጥቁር ጋዜጦች ስለ ጁሊያን የወጣ ነገር ነው፤ ያስወራኸው አንተ ነህ ብሎ ሮቢንሰንን ከሰሰው። ጣልያን በድንበር ላይ ጦር እየከመረ ሳለ ሁለት ጥቁር አብራሪዎች በወሬ ተደባደቡ ብሎ መሳቅ ይቀላል። ግን ለሁለቱም የቀረበላቸው አንድ ወንበር ብቻ ነበር፤ በአገራቸው ደግሞ ያችም አልነበረችም። ሮቢንሰን የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆነ፤ ጁሊያን እግረኛ ምልምሎችን እንዲያሠለጥን ወደ አምቦ ተላከ። ብዙም ሳይቆይ አገሩን ጥሎ ሄዶ ስለ ኢትዮጵያ ክፉ ይናገር ጀመር። ሮቢንሰን ግን እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ገደማ መሣሪያ በሌላቸው አውሮፕላኖች መልእክትና መድኃኒት አመላለሰ።

በጦርነቱ ሰሞን ሌላ አብራሪም እዚያ ነበር፤ ለስዊድን ቀይ መስቀል የአምቡላንስ አውሮፕላን የሚያበረው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን። ለሐሜት የተመቸ ዝምድና ነበረው፤ አክስቱ የሄርማን ጎሪንግ የመጀመሪያ ሚስት ናቸው። ሆኖም ጎሪንግ የሂትለር የአየር ኃይል አዛዥ በሆነበት በዚያው 1935 እሱ የኢትዮጵያን ቁስለኞች ያመላልስ ነበር።

ከነጻነት በኋላ በ1944 ሮቢንሰን ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችን ይዞ ተመለሰና ዕጩ አብራሪዎችን ማስተማር ጀመረ። በ1946 ቮን ሮዘን ተጠርቶ መጣ። ስዊድኖቹ ሳፊር የሚባሉትን የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች፣ ሳብ 17 ቦምብ ጣዮችን፣ መካኒኮችንና ከኋላቸው የቆመ አንድ ሙሉ ፋብሪካ ይዘው ቢሾፍቱ ሰፈሩ። ሮቢንሰን ይዞ የመጣው እውቀቱንና ትዝታውን ነው። ቅኝ ገዢ ያልሆነች፣ አውሮፕላን ግን የምትሸጥ ስዊድን ለቤተ መንግሥቱ እጅግ የተመቸች ምርጫ ነበረች፤ በዚህ ስሌት ጃንሆይን መውቀስ ይከብዳል። የሚከብደው ሌላ ነው፤ በክፉ ቀን የመጣው ሰው ለነጭ መኳንንት ቦታ እንዲለቅ መደረጉ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሮቢንሰን ቮን ሮዘንን በቡጢ መታው፤ ታሰረም። ከአሥር ዓመት በፊት በሆቴል የተጀመረው ጠብ ተደገመ፤ አሁን ግን የተሸነፈው እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩ ለሁለት ተከፍሏል። ጥቁር አሜሪካውያን የኢትዮጵያ አየር ኃይል አባት ሮቢንሰን ነው ይላሉ፤ ስዊድኖች ቮን ሮዘንን ያነሳሉ፤ ፈረንሳዮች ማዬን ቢያነሱ ማንም አይከለክላቸውም። በሦስቱም አተራረክ ተማሪው ከጀርባ የቆመ ጥላ ነው። ባቢቼፍና አስፋው ከአባትነት ክርክሩ ውጪ ናቸው። ከጦርነቱ በፊት በረራ የተማረችው ሙሉእመቤት እምሩ ስሟ የሚነሳው አልፎ አልፎ ነው። ተማሪ አይደባደብም፤ ለጋዜጣ አይጽፍም፤ ስለዚህ በወሬ ላይ የተገነባ መዝገብ አይመዘግበውም።

ሮቢንሰን በመጋቢት 1954 ለአንድ ቁስለኛ ደም ለማድረስ ሲበር አውሮፕላኑ ወድቆ በደረሰበት ጉዳት ሞተ፤ ጉለሌ ተቀበረ። ቮን ሮዘን በ1956 ቢሾፍቱን ለቀቀ። በ1957 አለማየሁ አበበ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆነ። ቮን ሮዘን ግን አሁንም ተመለሰ፤ ለተራቡ እህል ሲያደርስ በሐምሌ 1977 ጎዴ ላይ ተገደለ። በዚያው ሰሞን ከኦጋዴን ሰማይ ላይ ይዋጉ የነበሩት አብራሪዎች ኢትዮጵያውያን ነበሩ።